ከክለብ ወደ ክለብ፦ የተዘዋዋሪ እግር ኳስ ተጫዋች ሕይወትና ውል

በጅዳና በመካ ክለቦች ማሊያ የሚታዩት የውጭ አገር ተጫዋቾች ሁሉ በአንድ ቡድን ታቅፈው ስም ያተረፉ አይደሉም። ብዙዎቹ ሙያቸውን ይዘው ከአገር ወደ አገር የተዘዋወሩ ናቸው። ናይጄሪያዊው ኦዲዮን ኢጋሎ በኖርዌይ፣ በጣሊያን፣ በስፔን፣ በእንግሊዝና በቻይና ተጫውቶ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ከመጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የመካውን አል-ወህዳን ተቀላቅሏል። ሞሮኳዊው አብዱረዛቅ ሐምደላህም ኖርዌይን፣ ቻይናንና ኳታርን አልፎ ሪያድ ደርሷል፤ በ2018/19 የውድድር ዘመን ለአል-ናስር 34 የሊግ ግቦች አስቆጥሯል። በ2023 ደግሞ ከጅዳው አል-ኢቲሓድ ጋር የሊጉን ዋንጫ አንሥቷል።

ከኢትዮጵያውያን መካከል ለዚህ ዓይነቱ ሕይወት ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው ፍቅሩ ተፈራ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ይህ አጥቂ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በደቡብ አፍሪካ ለኦርላንዶ ፓይሬትስ፣ ለሱፐርስፖርት ዩናይትድና ለቢድቬስት ዊትስ ተሰልፏል። በቼክ ሪፐብሊክ ለምላዳ ቦሌስላቭ ተጫውቷል፤ ቬትናምና ፊንላንድም አላመለጡትም።

ስሙ በታሪክ መዝገብ የሰፈረው ግን በሕንድ ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. የሕንድ ሱፐር ሊግ በኮልካታ ሲከፈት፣ አትሌቲኮ ዲ ኮልካታ ሙምባይ ሲቲን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ የሊጉን የመጀመሪያ ግብ ያስቆጠረው ፍቅሩ ነበር። ክለቡ በዚያው ዓመት ዋንጫ ሲያነሣ ፍቅሩ በፍጻሜው ጨዋታ አልተሰለፈም። በቀጣዩ ዓመት ወደ ቼናይን ተሻገረ፤ ቼናይንም የ2015 ሻምፒዮን ሆነ።

እንዲህ ያለ ተጫዋች የሚኖረው በአጭር ውል ነው። ሊጎች ለውጭ ዜጎች የሚፈቅዱት ቦታ ውሱን በመሆኑ፣ አሠልጣኝ ሲቀየር ወይም ጉዳት ሲያጋጥም በቅድሚያ ቦታውን የሚያጣው እርሱ ነው። በየአገሩ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ የአየር ጠባይና አዲስ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠብቀዋል። ኑሮውን በሌላ አገር ለሚገፋ ሠራተኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም።

በመሆኑም ከችሎታው ቀጥሎ መተማመኛው በጽሑፍ የሰፈረው ውል ነው። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊፋ፣ ደንብ መሠረት የአንድ ውል ዘመን ከአምስት ዓመት አይበልጥም። ውሉ ሊጠናቀቅ ስድስት ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። የውሉን ጽናት በሕክምና ምርመራ ውጤት ወይም በሥራ ፈቃድ መገኘት ላይ ማንጠልጠል አይፈቀድም፤ ክለቡ ይህን ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ማጣራት አለበት። ያለአግባብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋችም ለክለቡ በጽሑፍ አስታውቆ ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ከሰጠ በኋላ፣ ክፍያው ካልተፈጸመ ውሉን በሕጋዊ መንገድ ሊያቋርጥ ይችላል።

ክለብ ያበዛ ተጫዋች ብዙ ጊዜ «አልረጋ ያለ» ተብሎ ይታማል። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ አዲስ አገር ራሱን ከመጀመሪያው ማስመስከር ግድ ይለዋል፤ ያለፈው ዝናው ልምምድ ሜዳ ላይ አይሮጥለትም። ደጋግሞ መፈለጉ በራሱ የሙያው ምስክር ነው። ፍቅሩ በአትሌቲኮ ዲ ኮልካታ የቆየው ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ቢሆንም፣ የሕንድ ሱፐር ሊግ የግብ መዝገብ የሚጀምረው በአዲስ አበባው ልጅ ስም ነው።