«ጊዜያዊ ነው»፦ ቤቱ ሳይቆም ስለሚገባው መብራት

አዲስ አበባ ውስጥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ጉራራ፣ ወይም ከኮተቤ ወደ ካራ ሽቅብ የሚሄድ ሰው አጥሩ ቆርቆሮ፣ መወጣጫው ባህር ዛፍ የሆነ ጅምር ቤት ሳያይ አያልፍም። ልብ ብሎ ካየ ደግሞ ከጎረቤት ጣሪያ ተነስቶ፣ የአጥሩን ጠርዝ ተከትሎ፣ ሲሚንቶ ወደተከማቸባት የቆርቆሮ ቤት የሚገባ ቀጭን ሽቦ አለ። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ባለቤቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ጊዜያዊ ነው»።

ጊዜያዊነቱን ቤት የሠራ ያውቀዋል። ብረት ሲወደድ ሥራው ይቆማል፤ እቁብ ሲወጣ ይቀጥላል። ሽቦውም ሁለትና ሦስት ክረምት እዚያው አጥር ላይ ይከርማል።

ያለቀ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪኩ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ሶኬት የሚነካውም ሰው ጫማ አድርጓል። ግንባታ ላይ መሬቱ ጭቃ፣ ዙሪያው ፌሮ ነው፤ ሠራተኛው በላብና በውሃ በራሰ እጁ ግራይንደር ይይዛል። ስለዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ይሄው ጊዜያዊ የተባለው መስመር ነው። እኛ ግን ለሳሎኑ ሶኬት ቀለም እያማረጥን ለግንባታው የተረፈ ሽቦ እንቀጥላለን።

ከጎረቤት መሳብ መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያስበው ነው፤ ጎረቤትም እንቢ ለማለት ይቸግረዋል። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው። ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ከፍ ስለሚል፣ ጎረቤትዎ ባልሠራው ቤት ምክንያት ውድ እርከን ላይ ይወጣል። ሌላው ጣጣ አቅም ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ጎረቤት እንጀራ እየጋገሩ የእርስዎ የውሃ ፓምፕ ቢነሳ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ምጣዱም ይቀዘቅዛል፣ ጉርብትናውም። ቆጣሪው ባለካርድ ከሆነ ደግሞ ሶሌታ እየተሞላ ሳለ ካርዱ ሊያልቅ፣ ቫይብሬተሩም ሊቆም ይችላል። ቫይብሬተር ያልነካው አርማታ ውስጡ እንደ ማር ወለላ ክፍተት ይይዛል፤ ያንን በኋላ በልስን መሸፈን ማዳን አይደለም።

የራስን ቆጣሪ መጠየቅ ይሻላል። መብራት ኃይል የሚለው ስም ከአፋችን አልወጣም እንጂ ኮርፖሬሽኑ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ኃይል የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ቆጣሪ የሚያስገባውና ሂሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ለአገልግሎቱ፣ በአካባቢው ላለው ማዕከል ነው። 905 ደውሎ የትኛው ማዕከል እንደሆነና ምን ማስረጃ እንደሚፈለግ አስቀድሞ መጠየቅ ምልልስ ያስቀራል። መታወቂያ፣ የይዞታ ካርታና የግንባታ ፈቃድ ግን ከነኮፒያቸው በእጅ ይኑሩ። ውሉ በኮንትራክተሩ ሳይሆን በባለቤቱ ስም ይሁን፤ ኮንትራክተር ጥሎ ሊሄድ ይችላል፣ ዕዳው ግን ቆጣሪው ላይ ይቀራል።

ቆጣሪው የት እንደሚሰቀል ከመጀመሪያው ቢታሰብበት ገንዘብ ያተርፋል። ብዙ ሰው ለግንባታው ብሎ አንድ ግንድ ላይ ያሰቅልና ቤቱ ሲያልቅ ለማዛወር እንደገና ይሰለፋል። ይልቅ የውጭ በሩን አንድ ዓምድ አስቀድሞ በድንጋይ ወይም በብሎኬት አቁሞ፣ ሳጥኑን ከመንገድ በኩል እዚያ ማስገጠም ነው። ቤቱ ሲያልቅ የሚቀየረው ከቆጣሪው በኋላ ያለው ብቻ ይሆናል።

ማዕከሉ ስንት ኃይል እንደሚፈልጉ ይጠይቅዎታል፤ በግምት መመለስ አይገባም። አነስተኛ የኤሌክትሪክ ቫይብሬተር 1.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ ትልቁ ግራይንደር 2 ኪሎዋት ገደማ፤ የውሃ ፓምፕ ከ1 እስከ 2። ከባዱ ብየዳ ነው። የተለመደው ባለ ትራንስፎርመር ብየዳ ማሽን 7 ኪሎ ቮልት አምፔርና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ምጣድ መጣድ ማለት ነው። ሁሉም ባንድ ቅጽበት ስለማይሠሩ መደመር ያለበት አብረው የሚነሱት ነው። ባለ 220 ቮልት አንድ ፌዝ በ16 አምፔር ብሬከር 3.5 ኪሎዋት፣ በ32 አምፔር 7 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። ለአንድ ፎቅ መኖሪያ፣ ብየዳው ውጭ ተሠርቶ የሚመጣ ከሆነ፣ አንድ ፌዝ ይበቃል። በርና መስኮቱ ግቢ ውስጥ የሚበየድ ከሆነና ቤቱ ወደፊትም ብዙ ኃይል የሚፈልግ ከሆነ፣ ሦስት ፌዝ ከአሁኑ መጠየቅ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይሻላል።

ዳገት ላይ ምሰሶው ከቦታው ይርቃል። የርቀት ነገር ደግሞ ሽቦ ሻጩ የማይነግርዎት ነው። 60 ሜትር ርቀት ላይ በባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 16 አምፔር ቢሳብ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 13 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ከትራንስፎርመር ርቆ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ሰፈር አመሻሽ ላይ 200 ቮልት ከደረሰው፣ ፓምፑ የሚያገኘው 187 ብቻ ነው። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ስለሚስብ በዚህ ቮልቴጅ ያቃስታል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ተወቃሹ ግን ፓምፑ ነው፤ «ፎርጅድ ነው» ይባላል። በዚያው ርቀት ባለ 6 ካሬ መዳብ ቢዘረጋ የሚጠፋው ከ6 ቮልት በታች ነው። በርካሽነቱ አሉሚኒየም የሚመርጥ ሰው ለዚሁ ውጤት 10 ካሬ ይፈልጋል። አሉሚኒየምን ከመዳብ ጋር ጠምዝዞ በናስትሮ ማሰር ግን አይሆንም፤ እርጥበት ሲገባ መገጣጠሚያው ይበላል፣ ይግላል። ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማያያዣ አለ።

ሽቦው በቆርቆሮ አጥር ላይ አይታሰር። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የቆርቆሮው ጠርዝ ልባሱን ይልጠዋል፤ አንድ ቀን መላው አጥር ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ እየሄደ የሚደገፈው ልጅ ደግሞ አያውቅም። በእንጨት ቋሚዎች ከጭንቅላት በላይ ይሰቀል፣ ወይም የእጅ ጋሪ በማይሄድበት በኩል በፕላስቲክ ቱቦ ይቀበር።

ከቆጣሪው ወደ ውስጥ አንድ ሳጥን ይኑር፤ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ በላዩ የዝናብ መከላከያ ቆርቆሮ ለብሶ። ሽቦዎቹ ከሥር ይግቡ። ከላይ የሚመጣውም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይዙር፤ ውሃው በጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም።

በሳጥኑ ውስጥ ከብሬከሩ ሌላ አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ መኖሩ ግዴታ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ብሬከር የተሠራው ሽቦ እንዳይቃጠል ነው። በሰው ገላ አልፎ ወደ መሬት የሚሄድ ኤሌክትሪክ ከአንድ አምፔር በታች ስለሆነ፣ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሰውየው እስኪሞት ዝም ብሎ ያያል። አርሲዲ የሄደውንና የተመለሰውን ያወዳድራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። በዚህ ሁሉ ወጪ መካከል ዋጋው የአንድ ቀን የአርማታ ሥራ ያህል እንኳ አይሆንም።

በእንጦጦ ተዳፋት አርሲዲ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የምድር ሽቦ ሲባል አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ዘንግ መሬት ውስጥ መምታት ነው። እዚህ ግን ከስሱ አፈር ሥር ቋጥኝ አለ፤ ዘንጉ ግማሽ ሜትር ገብቶ ይነጥራል። ሠራተኛው የቀረውን ቆርጦ ይጥልና «አስገብቻለሁ» ይላል። አለት ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። የምድር ዘንጉ ተቃውሞ 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት የነካው የማሽን አካል ወደ መሬት የሚሰደው 4.4 አምፔር ብቻ ነው። ብሬከሩ አይሰማውም፤ ማሽኑ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። አርሲዲው ግን ይቆርጣል።

ለቋጥኙ ራሱም መላ አለ። አንደኛው ዘንጉን ወደ ታች ከመምታት ይልቅ ቦይ ቆፍሮ የመዳብ ሽቦ አግድም መቅበር ነው፤ እርጥበት በሚይዝ በኩል፣ በተመላሽ ድንጋይ ሳይሆን በአፈር ተሸፍኖ። ሁለተኛውን የበለጠ እወደዋለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኸርበርት ኡፈር የተባለ መሐንዲስ በደረቁ የአሜሪካ አሪዞና የጥይት መጋዘኖችን መብረቅ እንዳይመታ ሲሞክር፣ መሠረት ውስጥ ያለ ብረት ከዘንግ የተሻለ ምድር እንደሚሆን አገኘ። አርማታ እርጥበት ይይዛል፣ ከመሬቱም ጋር ሰፊ ንክኪ አለው። ስለዚህ የመሠረቱ ፌሮ ታስሮ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ከ6 ሜትር ያላነሰ ተያያዥ ብረት መርጦ አንድ መውጫ ማስቀረት ነው። ይህ የሚሠራው ግን ከሥር ፕላስቲክ ካልተነጠፈ ብቻ ነው። አርማታው አንዴ ከፈሰሰ ዕድሉ አይመለስም።

ይህን ሁሉ የሚገጥመው ሰው ፈቃድ ያለው ይሁን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ለኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም።

በመንገዱ ዳር የሚያልፈው ወፍራም መስመር ሌላ ነገር ነው። 15 ሺህ ቮልት የያዘ ነው፤ ለመግደል መነካትም ላያስፈልገው ይችላል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ረጅም ፌሮ የሚያዞር ልጅ ወይም በዝናብ የራሰ የባህር ዛፍ መወጣጫ ወደ መስመሩ ከ3 ሜትር በታች መቅረብ የለበትም፤ እርጥብ እንጨት ያስተላልፋል። መስመሩ በቦታው ላይ የሚያልፍ ከሆነ ግድግዳ ከመውጣቱ በፊት እንዲዛወር ማመልከት ያስፈልጋል።

መብራት ይጠፋልና ጀነሬተር ይመጣል። ጀነሬተሩን ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት በሆነ ገመድ ከሳጥኑ ጋር ማገናኘት ግን የሌላ ሰው ነፍስ ያጠፋል። ኃይሉ ወደ ኋላ በቆጣሪው ወጥቶ የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያገኛል፤ ትራንስፎርመሩም 220 ቮልቱን መልሶ ወደ 15 ሺህ ያሳድገዋል። ምሰሶ ላይ የወጣው የጥገና ሠራተኛ መስመሩ የሞተ ይመስለዋል። ማሽኑን በቀጥታ ጀነሬተሩ ላይ መሰካት፣ አለበለዚያ አንዱ ሲበራ ሌላው የሚቋረጥበት መቀያየሪያ ማስገጠም ነው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ለዘበኛው ወይም ለፎርማኑ የሚተው አንድ ሥራ አለ። አርሲዲው ላይ «T» የተጻፈበት ትንሽ ቁልፍ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይጫነው። ከቆረጠ መልሶ አንስቶ ማሽኖቹን ይሰካ። ካልቆረጠ ያን ቀን በአካፋ ይሠራል።