ማህተም ፍለጋ

ጉራጌ ውስጥ፣ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ልጁን ኮሌጅ ያስገባ ቤተሰብ «አፓረንት» የምትለውን ቃል፣ የኮሌጁን የሥራ ቦታ ልምምድ፣ ሳይሰማ አይቀርም። ልጁ አውቶ መካኒክ ተመዝግቦ፣ አፓረንት ሲወጣ አንድ ቢሮ ደብዳቤ ሲያመላልስ ይከርማል። ሲመለስ ምን እንደተማረ ቢጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል።

አፓረንት፣ በወረቀት የትብብር ሥልጠና የሚባለው ነገር፣ «ሰባ ሠላሳ» ነው፦ 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ። ሐሳቡ የጀርመኖች ልምድ አለበት። እዚያ ግን ለማጁ ከባለ ወርክሾፑ ጋር ውል ይፈርማል፣ ወር ሲደርስ ይከፈለዋል፣ ፈተናውን የሙያ ምክር ቤት ይከታተለዋል፤ ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይዘልቃል። እኛ ጋ ቁጥሩ ደረሰ፤ ውሉና ክፍያው መንገድ ላይ ቀሩ።

ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል የተለመደው መልስ «አካባቢው ፋብሪካ የለውም» ነው። ይህ ብዙም አያሳምነኝም። ቡታጅራ የአለም ገና፣ የሆሳዕናና የዝዋይ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ወልቂጤም በጅማ መንገድ ላይ ናት። መኪና በሚበዛበት ጋራዥ፣ ብየዳ ቤትና ጎሚስታ አይታጣም። ታዲያ ሠልጣኙ ለምን እዚያ አይላክም?

እኔ እንደማየው ጉዳዩ ማህተም ነው። ሠልጣኙ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ ሲጨርስ የግምገማ ቅጹ ተፈርሞና ማህተም ተመትቶበት መመለስ አለበት። ብዙው ትንሽ ጋራዥ ማህተም የለውም። ያለውም ቢሆን ወረቀት ሲያይ ግብር ይታየዋል። በዚያ ላይ ልጁ የሰው መኪና ቢያበላሽ ከኪሱ የሚከፍለው ባለ ጋራዡ ነው፤ ላስተማረበት ግን አምስት ሳንቲም የሚሰጠው የለም። እምቢ ቢል አልፈርድበትም።

ቢሮ እምቢ አይልም። ማህተም ሞልቶታል፣ የሚበላሽበትም ማሽን የለም። በ2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ቢሮዎቹ በየከተማው ሲከፋፈሉ ወልቂጤም ቡታጅራም ድርሻቸው ደርሷቸዋል፤ ቡታጅራ በተጨማሪ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ማህተሙ በዛ ማለት ነው። ከትምህርቱ ጋር የሚገጥም ቢሮ የደረሰውም ብዙ አይሻለውም፦ ወረዳ ፋይናንስ የተመደበች የአካውንቲንግ ተማሪ ኢቤክስ በሚባለው የመንግሥት ሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ሲመዘገብ ከጀርባ ቆማ ታያለች እንጂ የይለፍ ቃል አይሰጣትም። አለመሰጠቱም ልክ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ግን ያን ሁሉ ሳምንት ለምን እዚያ ቆመች?

እጉብሬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎችም ኢንተርንሺፕ ሲወጡ ጣጣው ይኸው ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሳይት ያገኛል፤ የሌለው ማህተም ያገኛል።

የሚገርመው ነገሩ ጉራጌ ውስጥ መሆኑ ነው። ሙያን ከሥራ ቦታ መማር እዚህ አዲስ አይደለም፤ ስንቱ ልጅ መርካቶ አጎቱ ሱቅ ገብቶ፣ መጀመሪያ ጠርጎ፣ ቀጥሎ ሸክፎ፣ በኋላ ሒሳብ ይዞ ነጋዴ ወጥቷል። ያለ ደመወዝ የተጉላላ፣ ከትምህርት የቀረም ሞልቷል፤ ላሳምረው አልፈልግም። ሆኖም አጎትየው ልጁን የሚያስተምረው ነገ ስለሚጠቅመው ነበር። ባለ ጋራዡ ከኮሌጁ ልጅ እንዲህ ያለ ነገ የለውም፤ ሳምንታት ቆጥሮ ይሄድበታል።

ዳፋው የሚታየው ዘግይቶ ነው። በብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ ላይ፣ መዛኙ ሞተሩን ፍታ ሲል ደብዳቤ ማመላለስ አያድንም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ደግሞ «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ይጠብቀዋል። ቤተሰብም ታናሽየውን ኮሌጅ ከማስገባት በፊት ሁለቴ ያስባል።

አንዳንዱ ልጅ መላ ዘይዷል። ጠዋት ቢሮ ገብቶ ይፈርማል፤ ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ጋራዥ ሄዶ፣ መኪና ሥር ተንጋሎ ቁልፍ ያቀብላል፣ ቀስ በቀስም ይፈታል። ሎግ ቡኩ ላይ የሚሞላው ግን የጠዋቱን ነው።