ብርሃን የሚያሳልፍ የጭቃና የእንጨት ሉህ

ጭቃ ድፍን ነው፤ የእንጨት ክር የሚሰጠን ወረቀት ደግሞ በቀላሉ ይቀደዳል። ስለዚህ ሁለቱ ቢዋሃዱ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ሉህ ሊወጣቸው አይችልም ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው።

እውነታው ሌላ ነው። ወረቀት ነጭ ሆኖ የሚታየን የእንጨት ክር የተሠራበት ሴሉሎስ ራሱ ነጭ ስለሆነ አይደለም፤ በክሮቹ መካከል የተያዘው አየር ብርሃኑን እየበተነ ስለሚመልሰው ነው። ዘይት የነካው ወረቀት ብርሃን የሚያሳልፈውም ዘይቱ የአየሩን ቦታ ስለሚይዝ ነው። ክሮቹ በናኖሜትር እስኪለኩ ድረስ ከቀጠኑና ክፍተት ሳይተዉ ተጠጋግተው ከደረቁ ብርሃኑን የሚበትነው ነገር እጅግ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ወረቀት ሠርተው አሳይተዋል። ጭቃውም እንዲሁ ነው። ሞንትሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ውኃ ውስጥ በደንብ ሲበተን 1 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ወዳላቸው ንጣፎች ይለያያል። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት የሚጀምረው ከ400 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ንጣፎቹ በእኩል እስከተሰራጩ ድረስ ብርሃኑን እምብዛም አያግዱትም።

ጥንካሬውስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከእንዲህ ያለ ቀጭን የሴሉሎስ ክር (ናኖክር) ጋር 5 በመቶ ሞንትሞሪሎናይት አዋህዶ የሠራው ስስ ሉህ፣ ከመበጠሱ በፊት ከ500 ሜጋፓስካል በላይ የመሳብ ጫና ተቋቁሟል። ይህ ከብዙ የግንባታ ብረት የማያንስ ልክ ነው። እዚህ ላይ ግን ሌላ የተሳሳተ ግምት ይከተላል፦ ማዕድኑ በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይጨምራል የሚል። አይጨምርም። ንጣፎቹ ሲበዙ ክሮቹ እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት ቦታ ይጠብባል፤ ሉሁም ይሰባበራል። ብዙ ሸክላ የሚጠቅመው እሳትን ለመቋቋም ነው።

የሉሁ ትልቁ ድክመት ውኃ ነው። ሴሉሎስ እርጥበት ይወዳል፤ ሲረጥብ ያብጣል። ደረቅ ሳለ ኦክስጅንን አጥብቆ የሚያግደው ሉህ በእርጥብ አየር ውስጥ ይህን ብቃቱን በብዛት ያጣል። ለምግብ ማሸጊያ ሲታሰብ ቀድሞ መፈታት ያለበት ይህ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን «ከእፅዋት ከተሠራ አካባቢን አይጎዳም» የሚለው እምነት ነው። ለምሳሌ በስቶክሆልም የሚገኘው የኬቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተዋወቁት ሌላ ቁስ፣ ብርሃን አሳላፊ እንጨት፣ ውስጡ የተሞላው ከነዳጅ ዘይት በሚገኝ አክሪሊክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ነው እዚያው ከብርቱካን ልጣጭ በሚገኝ ሊሞኒን ላይ የተመሠረተ መሙያ የቀረበው። የሉሁን የሴሉሎስ ክሮች ማቅጠንም ብዙ ኃይል ይጠይቃል። «ከእፅዋት የተሠራ» የሚል ምርት ሲቀርብላችሁ ከምን ጋር እንደተዋሃደ፣ ስንት ኃይል እንደፈጀና ካገለገለ በኋላ የት እንደሚደርስ ጠይቁ።