በኢሉባቦር ከተሞች ለብስክሌት ጥገና የሚሆን አለን ቁልፍ ሲገዛ ሸማቹ ሊያጤናቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከጎሬ ወደ መቱ የሚወርድ ብስክሌተኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ እርሱን የሚያቆመው ፍሬን ከብስክሌቱ አካል ጋር የተያያዘው በጣት በሚቆጠሩ ትናንሽ ብሎኖች ነው። የፍሬኑን ገመድ ጨብጦ የሚይዘውም አንድ ብሎን ብቻ ነው። በአሁኑ ጊዜ ለገበያ በሚቀርቡ በርካታ ብስክሌቶች ላይ እነዚህ ብሎኖች በራሳቸው ላይ ባለስድስት ጎን ጉድጓድ ያላቸው ሲሆኑ፣ የሚጠብቁትና የሚላሉት በተለምዶ አለን ቁልፍ ወይም አለን ኪ ተብሎ በሚጠራው የታጠፈ የብረት ዘንግ ነው።

መሣሪያው ከብስክሌቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ሸማቾች በአብዛኛው ሳይመረምሩ ይገዙታል። ይሁን እንጂ ጥራት የጎደለው ቁልፍ ሲበላሽ ብቻውን አይበላሽም። ለስላሳ ብረት የሆነ ቁልፍ በጠበቀ ብሎን ውስጥ ሲዞር መጀመሪያ የራሱ ጠርዞች ይበላሉ፤ ቀጥሎም የብሎኑን ስድስት ማዕዘኖች እየፋቀ ጉድጓዱን ክብ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ጥሩ ቁልፍ ቢመጣም የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ ብሎኑ በመሰርሰሪያ ተበስቶ መውጣት ይኖርበታል። ተተኪው ብሎን በአካባቢው ገበያ ካልተገኘ ደግሞ በበደሌ በኩል ከጅማ፣ አለዚያም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው አዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ይህ አይደለም፤ ባለቤቱ በደንብ ባልጠበቀው ብሎን መንዳቱን ይቀጥላል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ ብስክሌቱን መመልከት

አለን ቁልፍ የማያስፈልገው ብስክሌት አለ። በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው፣ ጭነት ለማጓጓዝ የሚያገለግሉ ነባር ብስክሌቶች በአብዛኛው የሚታሰሩት ከውጭ በሚያዝ ብሎንና ዳዶ ስለሆነ፣ ባለቤታቸው ገንዘቡን በተራ ቁልፎች ላይ ቢያውል ይሻለዋል። ባለ ማርሽ ብስክሌቶች ግን ያለ አለን ቁልፍ ሊጠገኑ አይችሉም ማለት ይቻላል።

በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ ከሁሉም በላይ የሚሠራው የ5 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ነው፤ የፍሬን ገመድ መያዣውና የመቀመጫው ማጥበቂያ ብዙውን ጊዜ በዚህ መጠን ይፈታሉ። መሪውን ጨብጠው የሚይዙት ትናንሽ ብሎኖች በአብዛኛው 4 ሚሊ ሜትር፣ በመቀመጫው ሥር የሚገኘው ብሎን ብዙ ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር፣ የፔዳሉን ክንድ የሚይዘው ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 2፣ 2.5 እና 3 ሚሊ ሜትር የሆኑት ለማስተካከያ ብሎኖች ያገለግላሉ። በገበያ ላይ የተለመደው ባለ 9 ቁልፍ ስብስብ ከ1.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያሉትን ስለሚይዝ ለብስክሌት በቂ ነው። በአንድ ሳጥን 25 ወይም 30 ቁልፍ ይዞ በርካሽ የሚቀርብ ስብስብ ማራኪ ቢመስልም፣ ግማሹ ብስክሌቱ ላይ ቦታ የሌለው በኢንች የተለካ ቁልፍ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የኢንች ቁልፎች ነገር በተለይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። የኢንች 5/32 ቁልፍ 3.97 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ከ4 ሚሊ ሜትሩ ጋር ልዩነቱ የማይታወቅ ያህል ነው፤ 5/16 ደግሞ 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ8 ይቀርባል። የሚያታልለው 3/16 ነው። ልኩ 4.76 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ5 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ የላላ ብሎንንም ያዞራል። ሸማቹም ትክክለኛውን መሣሪያ የያዘ ይመስለዋል። ብሎኑ ጠበቅ ያለ እንደሆነ ግን የሩብ ሚሊ ሜትር ያህሉ ክፍተት ኃይሉን ሁሉ በማዕዘኖቹ ጫፍ ላይ ያሳርፋል፤ ብሎኑም በአንድ ጊዜ ይበላል። ስለሆነም በቁልፉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሙሉ ወይም ባለ ነጥብ አኃዝ መሆኑን፣ በክፍልፋይ የተጻፈ አለመሆኑን ማየት ከሁሉ ይቀድማል። ምንም ቁጥር ያልተቀረጸበትን ቁልፍ አለመግዛት ይመረጣል።

ባለ ዲስክ ፍሬን ብስክሌት ያላቸው ዜጎች አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያውቁ ይገባል። ዲስኩን ከጎማው እምብርት ጋር የሚያያዙት ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ስድስት ጎን ሳይሆን የኮከብ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ አላቸው። በእነዚህ ላይ አለን ቁልፍ በግድ መክተት ብሎኑን ያጠፋል፤ የራሳቸው ቁልፍ አላቸው።

ብረቱና አሠራሩ

ጥሩ አለን ቁልፎች በአብዛኛው የሚሠሩት ክሮም ቫናዲየም ከተባለው ቅይጥ ብረት ወይም ኤስ2 ከሚባለው የመሣሪያ ብረት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለእነዚህ ቁልፎች ያወጣው ደረጃ ቁጥር 2936 ሲሆን፣ በማሸጊያው ላይ ተጠቅሶ ከተገኘ መልካም ምልክት ነው። ሆኖም ጽሑፍ ማተም ብረት ከማጠንከር ይቀላል። የቁልፉን ጥንካሬ የሚወስነው የብረቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በእሳት የተጠነከረበት መንገድም ነው፤ ያልተጠነከረው ይጣመማል፣ ከልክ በላይ የጠነከረው ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ሸማቹ በሱቁ ውስጥ መለኪያ መሣሪያ ባይኖረውም የሚያደርጋቸው ምርመራዎች አሉ። ከሁሉ የተሻለው ብስክሌቱን ይዞ መሄድ፣ ካልሆነም ከብስክሌቱ የተፈታ አንድ ያልተበላ ብሎን በኪስ መያዝ ነው። ቁልፉ ሳይገፋ መግባት፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ሲሉት መወላወል የለበትም። ቀጥሎ ጫፉን በብርሃን ማየት ተገቢ ነው። በጥሩ ቁልፍ ላይ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ስድስቱ ጠርዞችም ለጣት ጎልተው የሚሰሙ ናቸው፤ በመጥፎው ላይ ጫፉ በመቁረጫው ተጨፍልቆ ያበጠ ወይም ጠርዙ የተድበሰበሰ ሆኖ ይታያል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከአጭሩ ክንድ ጎን ላይ በደቃቅ ሞረድ አንድ ጊዜ መሞከር ብዙ ይናገራል፤ በጠነከረ ብረት ላይ ሞረዱ ይንሸራተታል፣ በለስላሳው ላይ ግን ወዲያው ይነክሳል።

ሽፋኑን በሚመለከት፣ የሚያብረቀርቀው ሁሉ የተሻለ አይደለም። ወፍራምና በደንብ ያልተጣበቀ የክሮም ልባጥ እየተላጠ በብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ጥቁር ሆነው የሚቀርቡት ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው የብረቱ ገጽ በኬሚካል የጠቆረበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ተራ ቀለም የተቀባ ነው። በጥፍር ሲፋቅ የሚነሣው ሁለተኛው ነው።

የክንዱ ርዝመትም ሊታሰብበት ይገባል። የፔዳሉ ክንድ ብሎን ወደ 40 ኒውተን ሜትር የሚደርስ ጥብቀት ይፈልጋል። ረጅም ክንዱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ተራ የ8 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይህን ለማግኘት 37 ኪሎ ግራም የሚያህል ጫና በእጅ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ክንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ጫናው ወደ 20 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ስለዚህ ባለ ረጅም ክንዱ ስብስብ ጥቂት ቢወደድም ጥቅሙ ያመዝናል። በመሪው ትናንሽ ብሎኖች ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እነርሱ የሚፈልጉት ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ በመሆኑ በረጅም ክንድ በሙሉ ኃይል ማጥበቅ ጥርሳቸውን ይበላዋል። በየትኛውም ሁኔታ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም ተገቢ አይደለም።

በአንዳንድ ስብስቦች የረጅሙ ክንድ ጫፍ ኳስ መሰል ቅርጽ አለው። ይህ ቁልፉን አዘንብሎ ብሎንን በፍጥነት ለማዞር ብቻ የሚያገለግል ነው። የመጨረሻው ማጥበቂያ፣ እንዲሁም የጠበቀን ብሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ማላላት፣ ሁልጊዜ ቀጥ ባለው ጫፍ ሊከናወን ይገባል።

ዝናብና ጭቃ

ጎሬ በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚመዘገብባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት፤ መቱ፣ ሁሩሙ፣ ያዮና ቡሬም ለብዙ ወራት እርጥበት አይለያቸውም። በእንዲህ ዓይነት አካባቢ ጥሩ ቁልፍም ቢሆን ያለ እንክብካቤ ይዝጋል። ከሥራ በኋላ በዘይት በረጠበ ጨርቅ መጥረግና በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ ይበቃል። ብዙዎች እንደሚያደርጉት በመቀመጫው ሥር በተንጠለጠለ ከረጢት ውስጥ መተው ግን ከጎማው የሚረጨውን ውኃ ሁሉ ያጠጣዋል።

ከዝገቱ ይልቅ ብሎኖችን የሚያጠፋው በጉድጓዳቸው ውስጥ የሚደርቀው ቀይ ጭቃ ነው። ጭቃው ካልወጣ ቁልፉ እስከ ታች አይገባም፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ ብቻ ይዞ ስለሚዞርም ማዕዘኖቹን ይልጣል። በዚህ ምክንያት የተበላሸ ብሎን ብዙ ጊዜ በቁልፉ ጥራት ይሳበባል። በቀጭን ሽቦ ወይም በሹል እንጨት ጭቃውን ማውጣት፣ ቁልፉ መሬት መያዙን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ማዞር ነው። ብሎኖቹ ሲመለሱ ጥርሳቸው ላይ ጥቂት ግራሶ መቀባት በቀጣዩ ክረምት በዝገት ተጣብቀው እንዳይቀሩ ያደርጋል።

ጫፉ የተድበሰበሰ ጥሩ ቁልፍ አይጣልም። በግራይንደር ጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀጥ ተደርጎ ሲቆረጥ ያልተነካ ጠርዝ ይወጣል። ሥራው በዝግታና ውኃ ውስጥ እየነከሩ መሆን ይኖርበታል፤ ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ቀለም ካመጣ ጥንካሬው ጠፍቷል። በከተማው የሚገኙ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ።

የሸማቹ መብት

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት አለው። ሻጩ የሰጠው ዋስትና ለሸማቹ የተሻለ ጥቅም የሚያስገኝ ከሆነ ያ ዋስትና ይጸናል። መብቱ ለውድ ዕቃዎች ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ለአንድ አለን ቁልፍ ስብስብም ያገለግላል።

ይህን መብት ለመጠቀም ግን የግዢው ማስረጃ መኖር አለበት። ስለሆነም ደረሰኝ መጠየቅ፣ የተመረተበት አገርና መጠኑ የተጻፈበትን ማሸጊያ አለመጣልና ስብስቡን ለወራት በሳጥኑ ከማቆየት ይልቅ በ15 ቀናቱ ውስጥ እያንዳንዱን ቁልፍ በትክክለኛው ብሎን ላይ መሞከር ያስፈልጋል። ሻጩ ጥያቄውን ሳይቀበል የቀረ እንደሆነ፣ ሸማቹ ደረሰኙን፣ ማሸጊያውንና የተበላሸውን ቁልፍ ይዞ በሚኖርበት ከተማ ወይም ወረዳ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል። በቁልፉ ምክንያት የተበላ ብሎን ካለ እርሱንም አብሮ ማቅረብ ጉዳዩን ለማስረዳት ይረዳል።