አምሪትሳር 1919፦ ከምርመራው በፊት የወጣው ከለላ

እ.ኤ.አ. በ1919 በህንድ ፑንጃብ ግዛት፣ አምሪትሳር ከተማ የእንግሊዝ ጦር የፈጸመውን ጭፍጨፋ ብዙዎች ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ማን ተጠየቀ የሚለው ግን ብዙም አይነሳም።

ነገሩ የጀመረው ሰዎችን ያለ መደበኛ ፍርድ ማሰር በሚፈቅደው የሮውላት ሕግ ነው። ሂንዱው፣ ሲኩና ሙስሊሙ በአንድነት ተቃወሙት። ኤፕሪል 10 የከተማዋ መሪዎች፣ ሙስሊሙ ጠበቃ ሰይፉዲን ኪችሉ እና ሂንዱው ሐኪም ሳትያፓል፣ ተይዘው ከከተማ ተወሰዱ። ይፈቱልን ብሎ በወጣው ሕዝብ ላይ ተተኮሰ፤ በተነሳው ሁከትም አምስት አውሮፓውያን ተገደሉ፣ አንዲት ሚስዮናዊት ክፉኛ ተደበደበች።

ኤፕሪል 13 ጄኔራል ዳየር 50 ተኳሾችን ይዞ ጃሊያንዋላ ባግ ወደተባለው በግንብ የተከበበ ሜዳ ገባ። መሰብሰብ መከልከሉን ያልሰሙ፣ ለበዓል ከገጠር የመጡ ሰዎችም በዚያ ነበሩ። ያለ ማስጠንቀቂያ 1,650 ጥይት ተተኮሰ። መንግሥት የሟቾችን ቁጥር 379 ሲል፣ የህንድ ኮንግረስ ፓርቲ ወደ 1,000 አደረሰው።

ወታደራዊ ሕግ በይፋ የታወጀው ከዚህ በኋላ፣ ኤፕሪል 15 ነው። ሰዎች በአደባባይ ተገረፉ። ሚስዮናዊቷ በተደበደበችበት ጎዳና የሚያልፍ ህንዳዊ ሁሉ በሆዱ እየተሳበ እንዲሄድ ታዘዘ። በላሆር ተማሪዎች ስማቸውን ለማስጠራት ብቻ በየቀኑ በጠራራ ፀሐይ ብዙ ርቀት እንዲጓዙ ተደረገ።

ወደ ተጠያቂነቱ ስንመጣ፣ ልብ ልንለው የሚገባው የነገሮቹ ቅደም ተከተል ነው። በሴፕቴምበር 1919 የቅኝ መንግሥቱ ባለሥልጣናቱን ከክስ ነፃ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ሕጉ እርምጃው በቅን ልቦና እንደተወሰደ አስቀድሞ ይገምታል፤ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም የወደቀው በተበዳዩ ላይ ነው። በሎርድ ሃንተር የሚመራው አጣሪ ኮሚቴ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበር ነው። ከለላው ከምርመራው ቀደመ ማለት ነው።

ዳየር በኮሚቴው ፊት ቀርቦ፣ መትረየስ የጫኑት ተሽከርካሪዎች በጠባቡ መንገድ ማለፍ ቢችሉ ኖሮ ሳይጠቀምባቸው እንደማይቀር ተናገረ። ኮሚቴው ድርጊቱን ነቀፈ፤ ብዙኃኑ አባላት ግን ወታደራዊ ሕጉ መታወጁን ደገፉ። ሳሂብዛዳ ሱልጣን አሕመድ ኻንን ጨምሮ ሦስቱ ህንዳውያን አባላት፣ ወታደራዊ ሕግ የሚያሳውጅ አመጽ አልነበረም ብለው በልዩነት ጻፉ።

ውጤቱስ? ዳየር ከኃላፊነቱ ተነሳ እንጂ ፍርድ ቤት አልቀረበም። የእንግሊዝ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥትን ውሳኔ ሲደግፍ፣ የመኳንንቱ ምክር ቤት 129 ለ86 በሆነ ድምፅ ለዳየር ወገነ። ሞርኒንግ ፖስት የተባለ ጋዜጣም ከ26,000 ፓውንድ በላይ አሰባሰበለት። ድርጊቱን ያጸደቀው አገረ ገዥ ኦድዋየርም አልተከሰሰም። እ.ኤ.አ. በ1940 ኡድሃም ሲንግ የተባለ ህንዳዊ ለንደን ውስጥ ተኩሶ ገደለው፤ እሱም ተሰቀለ። የፍርድ በር ሲዘጋ የሚከፈተው የበቀል በር ነው። በ2019 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ጥልቅ ሐዘናቸውን ቢገልጹም፣ ይፋዊ ይቅርታ አልጠየቁም።

በኢስላም ሥልጣን አማና ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) በሐጅ ወቅት ሹሞቻቸውን ሰብስበው፣ ሕዝቡ አቤቱታውን ፊት ለፊት እንዲያሰማ ያደርጉ ነበር። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልተወው በቀር በሹም ፊርማ አይሰረዝም። በፑንጃብ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዳዩ ራሱ ይቅር ባይ ሆነ፣ ተበዳዩ ግን አልተጠየቀም። ስለዚህ የትም አገር የአስቸኳይ ጊዜ እርምጃ ሲወሰድ፣ "አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ" የሚለው ዜና ብቻውን ሊያረጋጋን አይገባም። ተበዳዩ ከሶ ሐቁን የሚያገኝበት ፍርድ ቤት ክፍት ነው ወይ ብለን መጠየቅ አለብን።

በዚህ ዓለም ፍርድ ያመለጠ ሁሉ ደግሞ ነገ በአላህ ፊት መቆሙ አይቀርም።