ክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን

የገጠሩን ክብ ቤተ ክርስቲያን «ትልቅ ጎጆ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። እኔ ደግሞ ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር እሟገታለሁ። አንድ ጊዜ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ቆመን፣ አብሮኝ የመጣው ወዳጄ «ሣርና ጭቃ አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ግባና ምሰሶውን ፈልግልኝ» አልኩት።

ምሰሶ አላገኘም። የጎጆ ቤት ጣሪያ መካከል ላይ ባለ ምሰሶ ነው የሚቆመው፤ ያ ከተነሣ ቤቱ ይወርዳል። በክብ ቤተ ክርስቲያን ግን ምሰሶ ሊተከልበት በሚገባው ቦታ መቅደሱ ቆሟል። መቅደሱ ደግሞ ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው። ግድግዳው ከዙሪያው ግድግዳ በልጦ ወደ ላይ ይሄዳል፤ በላዩ አንድ ሌላ ክብ ግድግዳ ይነሣና የጣሪያውን ጫፍ ይቀበላል። ታቦቱ ያለበት ክፍል ራሱ ጣሪያውን ተሸከመ ማለት ነው። ይህን ያሰበ አናጢ ጎጆ አላሰፋም፤ ሌላ ነገር ሠርቷል።

ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ የሚባለውን አከፋፈል አንባቢ ስለሚያውቀው አላብራራም። አራቱ የመቅደስ ግድግዳዎች የሚያመጡትን ነገር ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ክብ ነገር ፊት የለውም፤ አራት ማዕዘኑ ግን ለአራቱም አቅጣጫ ፊት ይሰጣል። ሠዓሊውም ቀጥ ያለ ግድግዳ ስላገኘ ሥዕሉን በጨርቅ ላይ ሥሎ ይለጥፈዋል። ፈረሰኞቹ ሰማዕታት ብዙውን ጊዜ በሰሜን ግድግዳ፣ የእመቤታችን ታሪክ በደቡብ ይሣላል። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ቆመው ስለሚያስቀድሱ፣ ወንዱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ፊት፣ ሴቷ ከእመቤታችን ፊት ትሆናለች። በሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ቆመዋል። ማንበብ ለማይችል ምእመን ይህ ሁሉ መጽሐፍ ነበር።

«ክቡ ጥንታዊው ነው» የሚሉም ተሳስተዋል። ጥንታውያኑ አብያተ ክርስቲያናት ደብረ ዳሞም ሆነ ይምርሐነ ክርስቶስ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ናቸው፤ የላሊበላም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ክብ አይደሉም። ክቡ በሰፊው የተስፋፋው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከተቃጠሉ በኋላ፣ ማለትም ጦርነቱ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ካበቃ ወዲህ ነው። ምክንያቱም እንጨት፣ ጭቃና ሣር በየመንደሩ ነበር፤ ሙያውም በገበሬው እጅ ነበር።

የጣሪያው ጫፍም የሚያስተምረው አለ፤ ጉልላቱ ላይ ያለው የሰጎን እንቁላል ምሳሌ ነው፦ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል ሁሉ የሚጸልይም ልቡን እንዳይበትን ነው ይላሉ ሊቃውንቱ።

አሁን ወቀሳዬን ልጨምር። ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ መልበሱን አልቃወምም፤ ሣር ይበሰብሳል፣ እሳትም ይፈራል፣ ከዳኙም ጠፍቷል። የምቃወመው ሥራው ሲጣደፍ ነው። በክረምት የሚያፈስ ቆርቆሮ ውኃውን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያወርደዋል፤ ጭቃው ሲርስ ጨርቁ ከነሥዕሉ ይላቀቃል። ከዚያ «እናድስ» ይባልና ደማቅ የዘይት ቀለም ይቀባበታል። ጎብኚውም አለበት፤ ፍላሽ ያበራል፣ ሥዕሉ ላይ ይደገፋል። ከቅጽሩ ውስጥ ወይራና ጥድ ቆርጦ ባሕር ዛፍ የሚተክልም አለ፤ ዘጌ ላይ ግን ሕዝቡ በሬ ሳይጠምድ፣ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እየኖረ ደኑን አቆይቷል።

ለደብራችሁ ማሳደሻ ገንዘብ የምታዋጡ፣ በከተማም በውጭ አገርም ያላችሁ ወገኖቼ፦ ብሩን ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። መቅደሱ ላይ የቆየ ሥዕል አለ ወይ? ካለ ቀለም ቀቢ አትቅጠሩ፤ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስደፍኑ፣ ለሥዕሉም የቅርስ ባለሙያ አስጠሩ።