ለጎርፉ ልክ አቆሙለት፤ ለድርቁስ?

አምስተርዳም ለሚመጣብኝ እንግዳ መጀመሪያ የማሳየው ቦዮቹን አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱና ኦፔራ ቤቱ አንድ ላይ ባሉበት «ስቶፔራ» በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ውሃ የሞሉ ሦስት ረጃጅም የመስታወት ዓምዶች አሉ። ሁለቱ በኤይማውደንና በፍሊሲንገን ባሕሩ በዚያ ሰዓት የደረሰበትን ከፍታ ያሳያሉ። የሦስተኛው ልክ ግን አይለወጥም፤ 4.55 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. የ1953ቱ ጎርፍ የደረሰበት ልክ ነው። ያ ጎርፍ በዚህ አገር 1,836 ሰው ጨርሷል።

በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣው የአክስቴ ልጅ ቀና ብሎ አየውና «መከራቸውን ለክተው ያቆሙታል እንዴ?» አለኝ።

አዎ፣ ያቆሙታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዳን ሮዘጋርደ የተባለው አርቲስት እዚሁ አምስተርዳም ሙዚየምፕላይን ላይ በሰማያዊ ብርሃን ምናባዊ ጎርፍ ዘረጋ፤ ሕዝቡ ከውሃው በታች እንደቆመ ሆኖ ተሰማው። በዓመቱ ሮተርዳም ሬይንሃቨን ውስጥ ሃያ ዛፎች ውሃ ላይ ተንሳፈፉ። ዴን ሃግ ደግሞ ሜስዳኽ በ1881 የሠራው፣ 14 ሜትር ቁመትና 120 ሜትር ያህል ዙሪያ ያለው ሥዕል አለ። መሃሉ ስትቆሙ የሼቬኒንገን አሸዋና ባሕር ዙሪያችሁን ይከባችኋል።

ሆላንዶች ያለፈ ታሪካቸውን ሁሉ እንዲህ በግልጽ ያዩታል ማለቴ አይደለም። ባርነት በሱሪናም የቀረው በ1863 ነው፤ መታሰቢያው ኦስተርፓርክ ውስጥ የቆመው ግን በ2002 ነው። ውሃው ላይ ግን ይስማማሉ። ውሃ ሃይማኖትና ፓርቲ አይለይማ!

ወደኛ ስመለስ ሆዴ ይባባል። አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ ብትሉ የማውቃቸው ሐውልቶች የጦርነት፣ የሰማዕታትና የንጉሥ ናቸው። ክብር ይገባቸዋል። ግን የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ የጨረሰው ገበሬስ? እሱን የምናየው የውጭ አገር ሰው በቀረጸው ፊልም ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ያ ፊልም ሲነሳ አንገታችንን የምንደፋው፣ ታሪኩን ራሳችን ስላልነገርነው ይመስለኛል። መንገዱን ያሳዩን ግን አሉ፤ አይዳ ሙሉነህ አፋር ዳሎል ድረስ ወርዳ ስለ ውሃ የሠራቻቸው ፎቶግራፎች አንዱ ናቸው።

የአክስቴ ልጅ ግን «ሐውልት ዝናብ አያመጣም» አለኝ። ልክ ነው፤ አያመጣም። እነዚህም ባሕሩን የገደቡት በዓምድ አይደለም፤ ከጎርፉ በኋላ በጀመሩትና እስከ 1997 በዘለቀው የዴልታ ግንባታ ነው። ግን አርባ ዓመት ያህል ለግድብ ግብር የሚከፍል ሕዝብ፣ ለምን እንደሚከፍል የሚያስታውሰው ነገር ይፈልጋል።

እኔ ቢጠይቁኝ ወሎ ውስጥ፣ ሰው በሚበዛበት ገበያ ዳር፣ የየዓመቱን የዝናብ መጠን የሚያሳይ አንድ የድንጋይ ዓምድ ይቁም እላለሁ። የ1977 ልክ ይቀረጽበት፤ የዘንድሮውም በየክረምቱ መጨረሻ ይጨመርበት። እናቴ በስልክ ስታወራኝ ከጤናዬ ቀጥሎ የምታነሳው ዝናቡን ነው። እሷ በቃል የምትይዘውን ልጆቿ በድንጋይ ብንይዘው ምን ይለናል?

እናንተስ የት ይቁም ትላላችሁ?